የእናት ደም፣ የልጅ አለርጂ፦ የአንባብያን ጥያቄዎችና መልሶቻቸው

ሰሞኑን የደረሱኝ ደብዳቤዎች በአንድ ነገር ይመሳሰላሉ። ጠያቂዋ ስለ ደም ምርመራ ትጀምራለች፣ ስለ ምግብ ትቀጥላለች፣ መጨረሻ ላይ «ጥፋቱ የእኔ ይሆን?» ትላለች። ልጁ ችፌ ወጥቶበታል፣ ወይም ዕንቁላል ቀምሶ ከንፈሩ አብጧል፣ ወይም ገና አልተወለደም፤ እናት ግን ከወዲሁ ራሷን ችሎት ፊት አቁማለች። ስለዚህ ወደ መልሶቹ ሳልገባ ይህን ልናገር፦ ልጅ አለርጂ የሚይዘው እናቱ አንድ ቀን አንድ ነገር በልታ ወይም ሳትበላ ቀርታ አይደለም። ይህን እያሰባችሁ አንብቡ።

ጥያቄ፦ የሰባት ወር ነፍሰ ጡር ነኝ። ከልጅነቴ ጀምሮ ሳይነስ ያስቸግረኛል፤ አቧራ ሲነካኝ ሃያ ጊዜ አነጥሳለሁ። በቅርቡ ደም ስመረመር አይጂኢ የሚባለው 640 ነው ተባልኩ፤ የላብራቶሪው ወረቀት ግን ከ100 በታች መሆን ነበረበት ይላል። ይህ ወደ ልጄ ይተላለፋል? ሲወለድስ የእትብቱን ደም ላስመርምርለት? (ከአዲስ አበባ)

መልስ፦ እህቴ፣ ሁለት አንቲቦዲዎችን እንለያቸው፤ ጭንቀትሽ የመጣው ከመደባለቃቸው ይመስለኛል። አንቲቦዲ ሰውነታችን ባዕድ ነገርን ለይቶ ለመያዝ የሚሠራው ፕሮቲን ነው። በደማችን ውስጥ በብዛት የሚገኘው አይጂጂ ይባላል፤ ያለፈ በሽታንና የተወሰደ ክትባትን «የሚያስታውሰው» በዋናነት እሱ ነው። አይጂኢ ደግሞ ከአይጂጂ በብዙ ሺህ እጥፍ ያነሰ ነው፤ ሆኖም ማስነጠሱን፣ ማሳከኩንና እብጠቱን የሚቀሰቅሰው እሱ ነው።

የእንግዴ ልጅ በሩን የሚከፍተው ለአይጂጂ ነው። አይጂጂን ከእናት ደም ተቀብሎ ወደ ፅንሱ የሚያሻግር ተቀባይ አለው። ይህ ሥራ ከአራተኛው ወር ገደማ በጥቂቱ ይጀምርና በመጨረሻዎቹ ሦስት ወራት በኃይል ይጨምራል። በጊዜው የተወለደ ሕፃን የሚይዘው አይጂጂ ከእናቱ ጋር እኩል ነው፤ አንዳንዴም ይበልጣል። ያለ ጊዜያቸው የሚወለዱ ሕፃናት በበሽታ ቶሎ ከሚጠቁባቸው ምክንያቶች አንዱም ይህን ስንቅ ሳይሞሉ መውጣታቸው ነው። ለአይጂኢ ግን ይህ በር እንዲህ አይከፈትለትም። በእትብት ደም ውስጥ የሚገኘው ጥቂት አይጂኢ በአብዛኛው ሕፃኑ ራሱ የሠራው ነው። ስለዚህ 640 የሚለው ቁጥር የአንቺ ነው፤ ከአንቺ ደም ወደ እሱ ደም የሚቀዳ አይደለም።

ፍርሃቱ መሠረት የለውም አልልም። በ1921 (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ካርል ፕራውስኒትስና ሃይንሪክ ኩስትነር የተባሉ ሁለት ሐኪሞች በጀርመን ያደረጉት ሙከራ አለ። ኩስትነር ዓሣ ሲበላ አለርጂ ይነሣበት ነበር። ፕራውስኒትስ ከኩስትነር ደም የተወሰደ ሴረም (የደሙን ፈሳሽ ክፍል) በራሱ ቆዳ ሥር አስወጋ፤ በማግስቱ በዚያው ቦታ ላይ ከዓሣ የተጨመቀ ነገር ሲያስገባ ቆዳው ተቆጥቶ አበጠ። አለርጂን የሚሸከም አንዳች ነገር በደም ውስጥ እንዳለ የታወቀው ያን ጊዜ ነው። ያ ነገር ስም እስኪያገኝ ከ40 ዓመት በላይ ፈጀ፤ ኢሺዛካ የተባሉ ጃፓናዊ ባልና ሚስት በአሜሪካ፣ ዮሃንሰንና ቤኒክ ደግሞ በስዊድን ለየብቻቸው ደረሱበትና በ1968 አይጂኢ ተባለ። በደም ውስጥ ግን ዕድሜው አጭር ነው፤ በሁለት ቀን ያህል ጊዜ በግማሽ ይቀንሳል። አይጂጂ ለዚሁ ሦስት ሳምንት ይፈጅበታል።

በ2020 ሲንጋፖር ያሉ ተመራማሪዎች የእናት አይጂኢ በአይጦች ወደ ፅንሱ ተሻግሮ ግልገሎቹን ለአለርጂ እንደሚያዘጋጅ አሳይተዋል። ሥራው ትልቅ ነው፤ ወደፊት ብዙ ሊያስተምረን ይችላል። ይሁንና የአይጥ እርግዝና ላይ በታየ ነገር በአንቺ እርግዝና ላይ ለመፍረድ አልደፍርም።

ወደ ቁጥሩ እንመለስ። አጠቃላይ አይጂኢ በእኛ አገር ከአለርጂ ውጭ በሌላ ምክንያትም ይወጣል። ወስፋትና የመንጠቆ ትል አይጂኢን እጅግ ከፍ ያደርጉታል፤ ምንም አለርጂ የሌለበት ሰው ከ640 በላይ ሆኖ ሊገኝ ይችላል። ስለዚህ ሐኪምሽን የሰገራ ምርመራ እንዲያዝልሽ ጠይቂው፤ ቁጥሩ ከሚነግርሽ ይልቅ እሱ ይጠቅምሻል።

የእትብት ደም ምርመራውን በተመለከተ መልሴ «አይ፣ ገንዘብሽን ያዥ» ነው። ይህ ምርመራ ከ1970ዎቹና ከ80ዎቹ ጀምሮ በብዙ አገሮች ተሞክሯል። የብዙ ጨቅሎች አይጂኢ ከ1 በታች ነው፤ ከዚያ ከፍ ያለባቸው ልጆች በኋላ አለርጂ የመያዝ ዕድላቸው በመጠኑ ይጨምራል። ነገር ግን ኋላ አለርጂ ከያዛቸው ልጆች አብዛኞቹ ሲወለዱ ቁጥራቸው ዝቅተኛ ነበር። በዚያ ላይ በወሊድ ጊዜ ትንሽ የእናት ደም ከተቀላቀለበት ቁጥሩ ይዛባል። የሚያስፈራውን ለይቶ የማያስፈራ፣ የሚያረጋጋውንም ለይቶ የማያረጋጋ ምርመራ ለአራስ ቤት አይመጥንም። የአንቺ ሳይነስ ልጁ አለርጂ የመያዝ ዕድሉን ከፍ እንደሚያደርግ እውነት ነው፤ አባትየውም ካለበት የበለጠ ይጨምራል። ይህን ለማወቅ ግን መርፌ አያስፈልግም፤ ከአፍንጫሽ አውቀሽዋል።

ጥያቄ፦ ባለቤቴ ስድስተኛ ወሯን ይዛለች። እኔም እሷም አለርጂ አለብን። ልጁ እንዳይወርሰው ብላ ዕንቁላል፣ ወተት፣ ለውዝና ዓሣ ትታለች፤ ክብደቷ መጨመር አቁሟል። ልክ ናት ወይስ ልከራከራት? (ከሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ)

መልስ፦ ወንድሜ፣ አትከራከራት፤ ይህን አብራችሁ አንብቡት። እሷ የያዘችው ምክር ከሜዳ የመጣ አይደለም። በብሪታንያ በ1998 አለርጂ ያለባቸው ነፍሰ ጡሮችና የሚያጠቡ እናቶች ከለውዝ መራቅን ቢመርጡ እንደሚሻል ተነግሮ ነበር። በምትኖሩበት አገር ደግሞ የአሜሪካ የሕፃናት ሐኪሞች አካዳሚ በ2000 ለአለርጂ በተጋለጡ ልጆች የወተት ተዋጽኦ እስከ አንድ፣ ዕንቁላል እስከ ሁለት፣ ለውዝና ዓሣ እስከ ሦስት ዓመት ይቆይ አለ። ከዚያ የለውዝ አለርጂ ሳይቀንስ እየጨመረ ሄደ። የአሜሪካው ምክር በ2008፣ የብሪታንያው በ2009 ተነሣ።

የመጀመሪያ ልጄን ያሳደግኩት በዚያ ምክር ነው። ዕንቁላል እስከ ሁለት ዓመቷ አላስቀመስኳትም፤ እናቴ «ይህች ልጅ ምን በድላ ነው?» ስትለኝ እኔ ዘመናዊና ጠንቃቃ እናት የሆንኩ መስሎኝ ነበር። ልጄ ደህና ናት፤ ነገር ግን በጊዜው ያንን ምክር ለሌሎች እናቶችም በእርግጠኝነት እየነገርኩ ስለነበር እስከ ዛሬ ይቆጨኛል። አሁን ጠንከር ብዬ የምጽፈው ለዚህ ነው።

በእርግዝና ወቅት ምግብ መተው የልጁን አለርጂ እንደሚቀንስ ሲፈተን ውጤት አላሳየም፤ ይልቁንም የእናትየውን ክብደት ይቀንሳል። የባለቤትህ ክብደት መቆሙ ከአለርጂው በላይ ሊያሳስባችሁ ይገባል፤ ለክትትል ሐኪሟ ሳትውሉ ሳታድሩ ንገሩ። እሷ ራሷ አለርጂ የሆነባትን ምግብ እንጂ ሌላውን ሁሉ ትብላ። በጾም ምክንያት ሥጋና ወተት የምትተው እናት ካለችም ያ የእምነቷ ጉዳይ ነው፤ «ልጄን ከአለርጂ ይጠብቀዋል» ብላ ግን አትቁጠርበት።

ዓሣን ተመለሱበት ያልኩበት ሌላ ምክንያት አለ። በ2016 ከዴንማርክ የወጣ ጥናት 736 ነፍሰ ጡሮችን ለሁለት ከፍሎ፣ ግማሾቹ በመጨረሻዎቹ ወራት የዓሣ ዘይት እንዲወስዱ አደረገ። በእነዚህ እናቶች ልጆች ላይ አስምና ተደጋጋሚ የደረት ማፏጨት በሦስተኛ እጅ ገደማ ቀነሰ። መጠኑ ከተራ ማሟያ የበዛ ስለነበር ሐኪም ሳታማክሩ እንክብል ግዙ አልልም፤ ዓሣ ትብላ ግን እላለሁ።

ጥያቄ፦ ልጄ፣ እኔ አያት ነኝ። ምራቴ ከከተማ መጥታ እዚሁ እኛ ዘንድ ወለደች። እኛ ስንወልድ እንገሩ ታልቦ ይደፋል፤ ሕፃኑ ቅቤ ይልሳል፣ ማርም ይቀምሳል። እሷ ሁሉንም ከለከለች። ዕውቀት ነው ወይስ ንቀት? (ከደብረ ማርቆስ)

መልስ፦ እማማ፣ እንኳን ማርያም ማረችልዎት። ንቀት አይደለም። ልጅ አሳድገው ለወግ ለማዕረግ ያበቁ እናት ስለሆኑ፣ ምክንያቱን ሳልደብቅ ልንገርዎት።

እንገር ቢጫና ወፍራም ስለሆነ የቆሸሸ ወተት ይመስላል። በውስጡ ያለው ግን ልጁን የሚጠብቅ ሠራዊት ነው። አይጂኤ የሚባል አንቲቦዲ በእንገር ውስጥ እጅግ በብዛት ይገኛል፤ ወደ ልጁ ደም ሳይገባ አንጀቱን እንደ ልስን ይለብሰውና ጀርም እንዳይጣበቅ ይከላከላል። ደግሞም በማኅፀን ሳለ በእንግዴ ልጅ በኩል ያገኘው የእናቱ አይጂጂ በየሦስት ሳምንቱ በግማሽ እየቀነሰ ይሄዳል፤ የራሱን በበቂ እስኪሠራ ድረስ ጡቷ ነው የሚያሻግረው።

ይህን ካስተዋሉት ቀዳሚዎች አንዱ ፖል ኤርሊክ የተባለ ጀርመናዊ ሐኪም ነው። በ1892 የአይጥ ግልገሎችን እያለዋወጠ አጠባ፤ መርዝ እንዲለምዱ ከተደረጉ እናቶች የጠቡት ግልገሎች፣ ያልወለዷቸው ቢሆኑም እንኳ፣ መርዙን ተቋቋሙ። ጥበቃው በወተት እንደሚተላለፍ ያሳየው በዚህ ነው።

ጡት ማጥባት ተቅማጥንና የሳምባ ምችን እንደሚከላከል በሙሉ አፌ እናገራለሁ። የምግብ አለርጂን ያስቀራል ብዬ ግን ቃል አልገባልዎትም፤ በዚያ ላይ ማስረጃው ጠንካራ አይደለም።

ቅቤ ማላስ ለአራስ ልጅ አይሆንም፤ ጀርም ይዞ ሊገባ ይችላል፣ ጡቱንም ያዘገያል። ማር ከሁሉ ይብሳል፤ ዓመት ላልሞላው ሕፃን ጡንቻ የሚያሰንፍ፣ ትንፋሽ የሚያቆም መርዝ የሚፈጥር ጀርም ሊኖርበት ይችላል። ቅቤውን ለአራሷ ገንፎ ያድርጉላት፤ የእርሷ ጥንካሬ የልጁ ነው። ምራትዎ እንግዳ አገር መጥታ ደፍራ «አይሆንም» ማለቷን በዚህ ዓይን ይዩላት።

ጥያቄ፦ የአምስት ወር ልጄ ጉንጩና ክንዱ ላይ ችፌ አለበት። ወንድሜ ጠሂና (የተፈጨ ሰሊጥ) ሲበላ አለርጂ ይነሣበታል። ጎረቤቶቼ ለልጆቻቸው ገና በስድስት ወራቸው ከለውዝ የሚሠራውን ባምባ የሚባል መክሰስ ይሰጣሉ፤ እኔ ፈራሁ። እስከ ሁለት ዓመቱ ብጠብቅ አይሻልም? (ከነታንያ፣ እስራኤል)

መልስ፦ እህቴ፣ የምትኖሪበት አገር ለዚህ ጥያቄ መልስ የተገኘበት ነው። በ2008 ተመራማሪዎች በብሪታንያ የሚኖሩ አይሁዳውያን ልጆችን በእስራኤል ከሚኖሩት ጋር አነጻጸሩ። ዘራቸው ተቀራራቢ ነው፤ የለውዝ አለርጂው ግን በብሪታንያ 1.85 በመቶ፣ በእስራኤል 0.17 በመቶ ነበር። በእስራኤል ሕፃናት ባምባን የሚቀምሱት ገና ዓመት ሳይሞላቸው ነው፤ በብሪታንያ ያሉት በዚያ ዕድሜ ለውዝ አያገኙም ማለት ይቻላል።

ከዚያ በለንደን ጊዲዮን ላክ የተባለ የአለርጂ ሐኪም የመራው ሙከራ ተደረገ። ከባድ ችፌ ወይም የዕንቁላል አለርጂ ያለባቸው 640 ሕፃናት፣ ከ4 እስከ 11 ወር ዕድሜ ያላቸው፣ በዕጣ ለሁለት ተከፈሉ፤ ግማሾቹ ለውዝ እንዲበሉ፣ ግማሾቹ እስከ አምስት ዓመት እንዲርቁ። ውጤቱ በ2015 ወጣ። መጀመሪያ በቆዳ ምርመራ ምንም ካልታየባቸው ልጆች መካከል ከለውዝ የራቁት 13.7 በመቶ አለርጂ ያዛቸው፤ የበሉት 1.9 በመቶ ብቻ። ልጆቹ አሥራ ሦስት ዓመት ገደማ ሆኗቸው ሲመረመሩም ጥበቃው አልጠፋም ነበር። በሕክምና እንዲህ ያለ ልዩነት ብዙ ጊዜ አይታይም። በጃፓን በ2017 በዕንቁላል ተመሳሳይ ነገር ታየ፤ ችፌ ካለባቸው ሕፃናት ከስድስት ወር ጀምሮ በጣም ጥቂት የበሰለ ዕንቁላል ዱቄት ያገኙት በዓመታቸው 8 በመቶ፣ ያላገኙት 38 በመቶ የዕንቁላል አለርጂ ነበራቸው።

ችፌው ለምን እንደሚያሳስብ ደግሞ ልንገርሽ፤ የነገሩ ቁልፍ ያለው እዚህ ነው። ላክና ባልደረቦቹ የሚሉት ይህ ነው፦ ሰውነት ምግብን መጀመሪያ በአፍና በአንጀት ካወቀው ይለምደዋል፤ በተሰነጠቀ ቆዳ በኩል ካወቀው ግን እንደ ጠላት ይቆጥረዋል። በ2003 በብሪታንያ ልጆች ላይ በተደረገ ጥናት የለውዝ አለርጂ ከያዛቸው መካከል የለውዝ ዘይት ያለበት ቅባት በችፌያቸው ላይ የተቀቡ በርካቶች ነበሩ። እናቶቹ በእርግዝና ወቅት የበሉት ለውዝ ግን ልዩነት አላመጣም። ስለዚህ የልጅሽን ችፌ ዛሬውኑ አሳክሚ። ሐኪም ያዘዘውን ቅባት ሳትፈሪ ተጠቀሚ፤ ለማለስለሻ ሽታ የሌለው ቫዝሊን ይበቃል፤ ቅቤ፣ የሰሊጥ ወይም የለውዝ ዘይት የተቆጣ ቆዳ ላይ አታድርጊ። (ችፌ የሌለበትን አራስ ሁሉ ለመከላከያ ብሎ በየቀኑ መቀባት ግን ጥቅም እንደሌለው በብሪታንያ ከ1,300 በሚበልጡ ሕፃናት ላይ ተፈትኗል።)

ወደ ምግቡ ስትመጪ ችፌው ከባድ ከሆነ መጀመሪያ ወደ ጢፓት ሐላቭ (የእናቶችና የሕፃናት ጤና ጣቢያው) ወይም ወደ ሐኪሙ ሂጂና ለውዝና ዕንቁላል ከማስጀመርሽ በፊት ምርመራ ያስፈልገው እንደሆነ ጠይቂ። ቀላል ከሆነ ስድስት ወር አካባቢ፣ ሌላ ምግብ ከለመደ በኋላ፣ በጠዋት፣ ጤነኛ ሆኖ በዋለበት ቀን ጀምሪለት። ባምባውን በውሃ ወይም በወተትሽ አሟምተሽ በማንኪያ ጫፍ፤ ጥቂት ጠብቀሽ ትንሽ ጨምሪ። ጠሂናውንም በሌላ ቀን እንዲሁ፤ ሰሊጥ በምትኖሩበት አገር ዋነኛ የአለርጂ መነሻ ስለሆነ ማዘግየቱ አይጠቅምም። ከተስማማው በሳምንት ሁለት ሦስት ጊዜ መቀጠል አለበት፤ አንድ ጊዜ አቅምሶ መተው ዋጋ የለውም። ጥሬ ወይም የተቆላ ለውዝ ሙሉውን ለሕፃን በፍጹም አይሰጥም፤ ጉሮሮ ላይ ይሰነቀራል። አገር ቤት ላሉ እናቶችም፦ የተቆላ ለውዝ በደንብ ተፈጭቶ በአጥሚት ወይም በቀጭን ገንፎ ውስጥ ይገባል።

በአፉ ዙሪያ ጥቂት መቅላት ብቻውን አያስደነግጥ። ከንፈርና ምላስ ቢያብጥ፣ ደጋግሞ ቢያስመልስ፣ ቢያፏጭ ወይም ድንገት ቢዝልና ቢገረጣ ግን አምቡላንስ ጥሪ። መድኃኒቱ የአድሬናሊን መርፌ ነው፤ የአለርጂ ሽሮፕ እየሰጡ መጠበቅ ጊዜ ማባከን ነው።

ጥያቄ፦ የገጠር መምህር ነኝ። የምኖርበት አካባቢ ልጆች ወስፋት አያጣቸውም፤ አስምና ችፌ ግን እምብዛም አላይም። አንድ ጓደኛዬ «ትሉ ነው የሚጠብቃቸው» አለኝ። ባለቤቴ ነፍሰ ጡር ናት፤ የትል መድኃኒት አትውሰድ ልበላት? (ከቡታጅራ አካባቢ)

መልስ፦ መምህር፣ ጓደኛህ ሙሉ በሙሉ አልተሳሳተም፤ ምክሩን ግን አትቀበለው። ጥያቄህ የተነሣበት ቦታም አስደስቶኛል፤ በዚህ ጉዳይ ቡታጅራና ጅማ በዓለም የሕክምና መጽሔቶች የታወቁ ናቸው።

በ1997 የወጣ የጅማ ጥናት አስምና የደረት ማፏጨት በከተማው ከገጠሩ ይልቅ እንደሚበዛ አሳየ። በ2001 ደግሞ፣ እዚያው ጅማ፣ የመንጠቆ ትል በብዛት ያለባቸው ሰዎች ደረታቸው የሚያፏጨው ባነሰ መጠን እንደሆነ ታየ። በዩጋንዳ በእንቴቤ ከ2,500 በላይ ነፍሰ ጡሮች የተሳተፉበት ሙከራ ደግሞ እናቶች በእርግዝና አልቤንዳዞል የተባለውን የትል መድኃኒት ሲወስዱ በሕፃናቱ ላይ ችፌ እንደሚጨምር በ2011 ዘገበ።

ለዚህ የሚሰጠው ማብራሪያ እንዲህ ነው። አይጂኢን የሚያስነሣው የመከላከያ ክንፍ ከጥንት ጀምሮ ሥራው ትል መዋጋት ሳይሆን አይቀርም። ትል ደግሞ በሰው ውስጥ ዓመታት ለመኖር ያንን ክንፍ ማለዘብ ተክኗል፤ አይጂኢው ሞልቶ እያለ ቁጣው ይበርዳል። ከላይ ለአዲስ አበባዋ እህት አይጂኢ ብቻውን አለርጂ አይደለም ያልኩት በዚሁ ምክንያት ነው።

ታዲያ ለምን መድኃኒቱን ትውሰድ እላለሁ? የመንጠቆ ትል ደም መጣጭ ነው። ደም ያነሳት ነፍሰ ጡር በወሊድ ጊዜ ጥቂት ደም ቢፈሳት አትችለውም፤ ልጇም ከክብደት በታች ሊወለድ ይችላል። የሕፃን ችፌ ይድናል፤ የሞተች እናት አትመለስም። የዓለም ጤና ድርጅት የመንጠቆ ትልና የደም ማነስ በተስፋፋባቸው አካባቢዎች ነፍሰ ጡሮች ከመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት በኋላ የትል መድኃኒት እንዲወስዱ ይመክራል። ጤና ጣቢያው ከሰጣት ያለ ጥርጣሬ ትውሰድ፤ የብረት እንክብሏንም አታቋርጥ።

ጥያቄ፦ ለሁለት ዓመት ልጄ «የ200 ምግቦች ምርመራ» አሠራሁ፤ ደመወዜን ግማሽ ወሰደ። ውጤቱ የአይጂጂ ነው። ወተት፣ ስንዴ፣ ዕንቁላል፣ ሙዝና ምስር በቀይ ወጡ። ልጄ እነዚህን ሁሉ በደስታ ይበላ ነበር፤ አሁን ግን ከሩዝና ከዶሮ በቀር አልሰጠውም፣ ከስቷል። (ከዱባይ)

መልስ፦ ውዴ፣ ችፌም ሆነ እብጠት ታይቶበት የማያውቅ ከሆነ መልሰሽ አብይው። ሲበላው ምንም ያልሆነበትን ምግብ ወረቀት ስላቀላው አትከልክይው።

ለምግብ የሚሠራ አይጂጂ አለርጂን አያሳይም፤ ያንን ምግብ መብላቱን ያሳያል። ወተት የሚጠጣ ልጅ ለወተት አይጂጂ ይኖረዋል። የአውሮፓ የአለርጂ ሐኪሞች ማኅበር በ2008 ይህ ምርመራ ለምግብ አለርጂ መመርመሪያ እንዳይውል በግልጽ ተናግሯል። ከላይ በጠቀስኩት የለንደን ሙከራ ውስጥ እንኳ አይጂጂ4 የሚባለው የአይጂጂ ዓይነት ከፍ ያለው ለውዝ በሚበሉትና በተጠበቁት ልጆች ላይ ነበር። ማለትም ወረቀትሽ በቀይ የጻፈብሽ ለልጅሽ የመላመድ ምልክት ሊሆን ይችላል።

ይህን ምርመራ ለእናቶች የሚሸጡ ሰዎች ያናድዱኛል። አንዲት እናት በሰው አገር ሠርታ ያገኘችውን ገንዘብ ወስደው፣ ፍርሃት ሸጠውላት፣ ልጇን ያስርቡባታል። ወተትና ዕንቁላል ለወራት የተከለከለ ሕፃን ከመክሳቱ በላይ ሌላም አደጋ አለበት፤ ለአለርጂ የተጋለጠ ልጅ ከሆነ፣ የለመደውን ምግብ ሲተው ለምዱ ሊጠፋና ሲመለስበት ሊቆጣ ይችላል። ልጅሽ ችፌ ካለበት ምግቦቹን ከመመለስሽ በፊት፣ ከዚህ በፊት አንድ ምግብ አሳብጦት ከሆነም ያንን ምግብ ብቻ አቆይተሽ፣ መጀመሪያ ለሕፃናት ሐኪም አሳይው። ችፌም ሆነ እብጠት ታይቶበት የማያውቅ ከሆነ ግን ከነገ ጠዋት ጀምሮ እንደ ወትሮው ይብላ፤ ክብደቱንም በዚህ ሳምንት አስለኪው።

የቀሩትን ባጭሩ።

«በእርግዝናዬ የተወጋሁት የመንጋጋ ቆልፍ ክትባት ልጄን ለአለርጂ ያጋልጠዋል?» ብላ ከሐዋሳ ለጠየቀችኝ፦ አያጋልጠውም። ክትባቱ በአንቺ ውስጥ የሚያስነሣው አይጂጂ ነው፤ በእንግዴ ልጅ በኩል ተሻግሮ ልጁን በተወለደበት ሳምንት ከዚያ አሠቃቂ በሽታ ይጠብቀዋል። ኢትዮጵያ የእናቶችና የጨቅላ ሕፃናት መንጋጋ ቆልፍን እንዳስወገደች በ2017 የተረጋገጠው በዚህ ክትባትና በንጹሕ አዋላጅነት ነው። ቀጣዩ ቀጠሮሽን አታሳልፊ።

«ልጄ ባተኮሰው ቁጥር ፓራሲታሞል እሰጠዋለሁ፤ አስም ያመጣል ይባላል» ላለችው የደሴ እናት፦ በቡታጅራ ከ1,000 በላይ እናቶችና ልጆቻቸው ከእርግዝና ጀምሮ ክትትል ሲደረግላቸው፣ ፓራሲታሞል ደጋግመው የወሰዱ ሕፃናት ላይ የደረት ማፏጨት በዝቶ ታይቷል። መድኃኒቱ ራሱ አመጣው ወይስ የሚያተኩሳቸው የጉንፋን ብዛት ነው የሚለው አልተቋጨም። ልጁ ሲሠቃይ፣ በክብደቱ ልክ፣ ስጪው። ለጥቂት ሙቀት ግን እንደ ልማድ አታድርጊው። ከእርሱ ይልቅ በርግጠኝነት ደረቱን የሚጎዳው ጭስ ነው፤ ምድጃው ካለበት ክፍል አታስተኚው፣ ሲጋራ የሚያጨስ ካለም ውጭ ይሁን።

«በኦፕራሲዮን ስለወለድኩ ነው ልጄ አስም የያዘው?» ላለችው የሪያድ እህት፦ በኦፕራሲዮን በተወለዱ ልጆች ላይ አስም በመጠኑ እንደሚበዛ ብዙ ጥናቶች ያሳያሉ፤ ልዩነቱ ትንሽ ነው፣ ምክንያቱም ከሌሎች ነገሮች አልተለየም። ያ ኦፕራሲዮን ግን፣ እንደጻፍሽልኝ፣ ሁለታችሁንም በሕይወት ያስቀረ ነው። ልጅሽ ማታ ማታ የሚያስለውን ሳል ብዛት በደብተር ጻፊና ይዘሽው ወደ ሐኪም ሂጂ፤ በትንፋሽ የሚወሰደው መከላከያ መድኃኒት ሳይቋረጥ መወሰዱ አሁን የሚያስፈልገው ነገር ነው።